ጸሎት ልማድ ብቻ ሲሆን

ጸሎትዎን ሳያቋርጡና ከቤተ ክርስቲያን ሳይርቁ ልብዎ ግን እንደ ቀድሞው አልነካ እንዳለዎት ገልጸው፣ «እምነቴ ሞቷል ማለት ነውን?» ብለው ጠይቀዋል። በእኔ አስተያየት አልሞተም፤ የሞተ እምነት ስለ ድርቀቱ አይጨነቅምና።

በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 2 ለኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን የተላከው መልእክት ለጥያቄዎ እጅግ የቀረበ ነው። እነዚያ ምእመናን በድካማቸውና በትዕግሥታቸው ከተመሰገኑ በኋላ የቀደመ ፍቅራቸውን በመተዋቸው ተወቅሰዋል፤ የታዘዙትም ከወዴት እንደ ወደቁ እንዲያስቡ፣ ንስሐ እንዲገቡና የቀደመውን ሥራ እንዲሠሩ ነው። ስሜት በትእዛዝ አይመጣም፤ ሥራን ግን ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል።

ስለዚህ የጸሎትዎን ርዝመት ከመጨመር ይልቅ (ብዙዎች አስቀድመው የሚሞክሩት ይህንኑ ነው፤ ትርፉም ብዙ ጊዜ ድካም ነው) ከመዝሙረ ዳዊት አንድ ምዕራፍ ብቻ ወስደው በዝግታ ያንብቡ፤ ድርቀትዎንም ሳይሸፍኑ ለእግዚአብሔር ይንገሩት። መዝሙረኛው «እስከ መቼ?» እያለ የጮኸው ጩኸት ራሱ ጸሎት ሆኖ ተጽፎልናል። የተቀየሙት ሰው ካለ ይታረቁ፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 6 እንደሚያስተምረውም ማንም ሳያይዎት የተቸገረን ይርዱ። የቆየውን ሥርዓት ግን እስኪሞቅዎት ድረስ ብለው አይተዉት።

ድርቀቱ ከእንቅልፍ ማጣት ወይም ከማይለቅ ሐዘን ጋር የመጣ ከሆነ፣ ከንስሐ አባትዎ ወይም ከመጋቢዎ ሌላ ሐኪምም ቢያማክሩ መልካም ነው።