ዩኒቨርሲቲው ምን ጨመረላችሁ? ለድሬዳዋ ወጣቶች

ልጆቼ፣ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የምትሞሉበት ሰሞን ከከዚራ እስከ ሳቢያን የሚወራው አንድ ነው፦ «የዚያ ግቢ ምሩቅ ደህና ይከፈለዋል።» ወሬው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ለመምረጥ ግን አይበቃም። ድሮውንም ጎበዝ የሆኑ ልጆች ተሰብስበው የገቡበት ግቢ ምሩቆቹ ጥሩ ደመወዝ ቢበሉ፣ ትልቁ ድርሻ ልጆቹ ይዘውት የገቡት ሊሆን ይችላል።

ስሌቱን ለማስረዳት ያህል ቁጥር ልስጥ። የአንደኛው ግቢ ምሩቆች በ5ኛው ዓመት በወር 14,000 ብር ያገኛሉ እንበል፤ የሁለተኛው 11,000። አሁን በ12ኛ ክፍል ፈተና እኩል ውጤት አምጥተው፣ ያንኑ ትምህርት ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ እኩዮቻቸውን ፈልጉ። የአንደኛው እኩዮች 13,500 ካገኙ ግቢው የጨመረው 500 ብር ነው። የሁለተኛው እኩዮች 9,000 ካገኙ፣ ያ ዝቅ ብሎ የሚታየው ግቢ 2,000 ጨምሯል።

ነገሩን የሚያበላሸው መረጃው ነው። ሥራ ይዘው እንደሆነ ለመጠየቅ ከግቢው ለ100 ምሩቃን ይደወላል፤ 40 ያነሳሉ፤ 30ው ሥራ ይዘናል ይላሉ። ሪፖርቱ «75 በመቶ» ብሎ ይወጣል። ስልክ ያላነሱት 60ዎቹስ? አንዳንዱ ቁጥሩን ቀይሯል፤ ሥራ ያጣው ደግሞ ከቀድሞ ግቢው ሲደወልለት ማንሳት ይከብደዋል። በእጅ ያለው እውነት ከ100ው ቢያንስ 30፣ ቢበዛ 90 ሥራ ይዘዋል የሚል ብቻ ነው።

የኛ ከተማ ሌላም ችግር አለባት። ታይዋን ገበያ ልብስ የሚነግድ ምሩቅ «ተቀጥረሃል?» ሲባል «አልተቀጠርኩም» ይላል፤ ከተቀጠረው ጓደኛው የበለጠ እያገኘም ቢሆን። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ባለፈው ወር ከማንኛውም ሥራ ስንት ብር አገኘህ?» ተብሎ ነው። ሠራተኛው 7፣ ቀጣሪው 11 በመቶ የሚከፍሉበት የጡረታ መዝገብ ከስልክ ጥያቄ ይሻላል፤ ነጋዴውን ግን አያሳይም። ምንም ገቢ የሌለው ምሩቅ ደግሞ ከስሌቱ አይወጣም፣ 0 ተብሎ ይገባል። የትምህርት ክፍሉ 12 ልጆች ብቻ ያስመረቀ ከሆነ፣ ውጭ ሄዶ በዶላር የሚከፈለው አንድ ልጅ አማካዩን ይሰቅለዋል፤ ገቢውን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድራችሁ መሃል ላይ ያለውን ውሰዱ።

ወጪውንም አትርሱ። ከወጪ መጋራቱ ሌላ፣ ስትማሩ ሳትሠሩ የቀራችሁት ገንዘብ አለ። ያለ ዲግሪ በወር 5,000 ብር ታገኙ ከነበረ፣ በ4 ዓመት 240,000 ብር ነው። ዲግሪው በወር 3,000 ቢጨምርላችሁ ይህ ብቻ የሚመለሰው በ80 ወር፣ ማለትም በ6 ዓመት ከ8 ወር ነው። ከምረቃ በኋላ ሥራ ፈልጋችሁ የተቀመጣችሁበትን ጊዜም ጨምሩበት፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው እሱን ነው።

ይህን ሁሉ መረጃ አሟልቶ የሚሰጣችሁ ላይገኝ ይችላል። ያኔ የምትመርጡትን ትምህርት ክፍል ሦስት ቁጥር ጠይቁ፦ ስንት ገቡ፣ ስንት ለመውጫ ፈተና ተቀመጡ፣ ስንቱ አለፉ። ከገቡት 60 ተማሪዎች 40 ተቀምጠው 36 ቢያልፉ «90 በመቶ አሳለፍን» ይባላል። እናንተ ግን ገና የምትገቡ ናችሁና የናንተ ቁጥር 36 ከ60፣ ማለትም 60 በመቶ ነው።