ኮሮና ሲያልፍ ልብ ላይ የሚቆየው ብግነት፦ ጥያቄና መልስ

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ አብዛኛውን የሥራ ቀኔን የማሳልፈውም የልብ ሕሙማን ክትትል በሚያደርጉበት ክፍል ነው። ከኮሮና ሕመም ጋር ስለሚመጣ የልብ ብግነት ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት የደረሱኝን ከዚህ በታች እመልሳለሁ፤ ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የልብ ብግነት ከልብ ድካምና በድንገት ከሚጥለው የልብ ሕመም በምን ይለያል?

መልስ፦ በድንገት የሚጥለው ሕመም የሚመጣው ልብን የሚመግበው የደም ቧንቧ በረጋ ደም ሲዘጋ ነው። ብግነት ግን የሥጋው የራሱ መቆጣት ነው፤ ቶንሲል ሲታመም እንደሚቀላና እንደሚያብጥ ሁሉ የልብ ጡንቻም ይቆጣል፣ ያብጣል፣ የመኮማተር ኃይሉም ይቀንሳል። ጡንቻው ሲቆጣ ማዮካርዳይቲስ፣ ልብን ከውጭ የሚሸፍነው ስስ ከረጢት ሲቆጣ ደግሞ ፔሪካርዳይቲስ ይባላል፤ ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜም አለ። የልብ ድካም የምንለው ልብ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መርጨት ሲያቅተው ስለሆነ፣ የከበደ ብግነት ወደዚያ ሊያደርስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኮሮና የሳንባ በሽታ ነው ሲባል ነው የምናውቀው። ልብ ጋር እንዴት ይደርሳል?

መልስ፦ ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባበት ኤ.ሲ.ኢ 2 የተባለው በር በሳንባ ብቻ ሳይሆን በልብና በደም ቧንቧዎችም ላይ ይገኛል። ከዚህ ይልቅ በብዛት ጉዳት የሚያደርሰው ግን የሰውነት መከላከያ ኃይል ቫይረሱን ሲዋጋ ልኩን አልፎ የራሱን ሥጋ መጉዳቱ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ የደረት ሕመም የሚጀምራቸው ሰዎች የሚያጋጥሙንም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ነገሩ በኮሮና አልተጀመረም፤ ኮክሳኪ የተባለው ቫይረስና ኢንፍሉዌንዛም ልብን እንደሚያስቆጡ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል።

ጥያቄ፦ ስንት ሰው ላይ ይደርሳል? አንዱ ብዙ ነው ይላል፣ ሌላው የለም ይላል።

መልስ፦ በአሜሪካ ከመጋቢት 2020 እስከ ጥር 2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ900 በላይ በሆኑ ሆስፒታሎች የታዩ ሕሙማን መዝገብ ሲመረመር፣ ኮሮና ከያዛቸው 100,000 ሕሙማን ወደ 150፣ ካልያዛቸው 100,000 ደግሞ 9 ያህሉ የልብ ጡንቻ ብግነት ተገኝቶባቸዋል። ዕድሜንና ሌሎች ልዩነቶችን አስተካክለው ሲያሰሉት ልዩነቱ 16 እጥፍ ገደማ ነው። ሁለቱንም ቁጥር አብራችሁ ያዙልኝ፤ 16 እጥፍ የሚለው ብቻ ሲነገር ሰው ይደነግጣል፣ ከሺህ አንድ ተኩል ያህል የሚለው ብቻ ሲነገር ደግሞ ሰው ይዘናጋል።

የብዙዎቻችሁ ፍርሃት የመጣው በ2020 በፍራንክፈርት ከተሠራው ጥናት ይመስለኛል፤ ከኮሮና ካገገሙ 100 ሰዎች 78ቱ በልብ ኤም.አር.አይ (በማግኔት ኃይል በሚነሣ ምስል) አንዳች ለውጥ ታይቶባቸው ነበር። ኤም.አር.አይ ጥቂት እብጠትን እንኳን ስለሚያሳይ፣ በምስል የታየ ለውጥ ሁሉ በሽታ ነው ማለት አይደለም። በኋላ በአሜሪካ ቢግ ቴን በተባለው የስፖርት ውድድር ማኅበር ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ኮሮና የያዛቸው 1,597 ስፖርተኞች በዚሁ መሣሪያ ሲታዩ ብግነት የተገኘባቸው 37 ነበሩ፤ ከእነዚህም ምልክት የነበራቸው 9 ብቻ ናቸው።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ ኮሮና ከያዘው 10 ቀን ሆኖታል። ትኩሳቱ ለቆታል፣ ነገር ግን ደረቱን ይወጋዋል። ጨጓራ ነው ብለን መድኃኒት ገዝተንለታል፤ ጎረቤት ደግሞ ብርድ ነው ትላለች።

መልስ፦ እናቴ፣ ይህንን እንዳነበቡ ልጅዎን ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። የሚያስከፋኝ ነገር ቢኖር በአገራችን የደረት ሕመም ሁሉ ጨጓራ ወይም ብርድ መባሉ ነው፤ ስሙ ቀላል ስለሆነ ቀን ይባክናል። አንድ የ23 ዓመት ወጣት ለዘጠኝ ቀን የጨጓራ ሽሮፕ ሲጠጣ ቆይቶ ወደ እኛ መጣ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ክፍላችን እስኪደርስ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ቆሞ ወንድሙን ይደገፍ ነበር። ልብን በድምፅ ሞገድ የሚያሳየውን የኢኮ መሣሪያ ደረቱ ላይ ሳስቀምጥ የግራው የልብ ክፍል ግድግዳ ሲኮማተር ግማሽ መንገድ ላይ ሲቀር አየሁ፤ ጫማውን ሳወልቅለት ደግሞ የካልሲው ጠርዝ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጥልቅ መስመር አትሞ ነበር፣ እግሩ ውኃ ቋጥሯል። ተኝቶ ታከመ፣ ከአራት ወር በኋላም ልቡ ወደ ጤናማው መጠን ተመለሰ። በዘጠኙ ቀን ግን አሁንም እቆጫለሁ።

ከልጅዎ ጋር ሐኪም ቤት ሲደርሱ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚመዘግበው ኢ.ሲ.ጂ እንዲነሣ፣ የልብ ጡንቻ መጎዳቱን የሚያሳየው ትሮፖኒን የተባለው የደም ምርመራም እንዲሠራለት ይጠይቁ። በጥልቅ ሲተነፍስ ወይም ጋደም ሲል የሚብስ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ሲቀመጥ የሚቀልለው ሕመም ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የልብ ሽፋን ሲቆጣ እንዲህ ያደርጋል።

ጥያቄ፦ በከተማችን ኤም.አር.አይ የለም። ያለ እርሱ ይታወቃል?

መልስ፦ በአብዛኛው ይታወቃል። የሕመሙ ታሪክ፣ ኢ.ሲ.ጂ፣ ትሮፖኒንና ኢኮ ተደምረው ሕክምና ለመጀመር ይበቃሉ። ከልብ ላይ ቁራጭ ሥጋ ወስዶ መመርመር እርግጠኛው መንገድ ቢሆንም ለጠና ሕመምተኛ ብቻ የሚደረግ ነው።

ጥያቄ፦ ሯጭ ነኝ። ብግነት ተገኝቶብሃል፣ ስድስት ወር እረፍ ተብያለሁ። ምንም አያመኝም፤ ቀለል ያለ ሶምሶማ ብሮጥስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዳቦህ ሩጫ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሐኪሙ ያለህ ግን ትክክል ነው። ከልብ ጡንቻ ብግነት በኋላ ከጠንካራ እንቅስቃሴና ከውድድር ከሦስት እስከ ስድስት ወር መራቅ ይመከራል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ የተቆጣ ጡንቻ ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ምልክት መንገዱን ይስታል፤ ልብ በሩጫ ሲፈጥን ደግሞ ይህ መሳት ወደ አደገኛ የምት መዛባት ሊቀየር ይችላል። በኮክሳኪ ቫይረስ የተያዙ አይጦች እንዲዋኙ ሲገደዱ የልባቸው ጉዳት እንደባሰ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ከቢግ ቴን ስፖርተኞችም አብዛኞቹ እንዳንተ ምንም የማያማቸው ነበሩ፤ ስለዚህ አለማመሙን እንደ ፈቃድ አትውሰደው። ከመመለስህ በፊት ትሮፖኒንና ኢኮ ይታዩ፣ በእንቅስቃሴ ላይ የሚደረግ ኢ.ሲ.ጂና የ24 ሰዓት የልብ ምት ቅጂም ይወሰድ። አሰልጣኝህ ካመነታ ይህንን መልስ አሳየው።

ጥያቄ፦ ከእስራኤል ነው የምጽፈው። ብግነቱን የሚያመጣው የፋይዘር ክትባት እንጂ በሽታው አይደለም ይባላል። ወንድ ልጆች አሉኝ።

መልስ፦ ሁለቱም ያመጣሉ፤ መጠናቸው ይለያያል። መልሱን ደግሞ ያገኘነው ከእናንተው አገር ነው። ክላሊት የተባለው የጤና ድርጅት መዝገብ በ2021 ሲጠና፣ በክትባቱ ምክንያት የተጨመረው ከ100,000 ሰው 3 ያህል፣ በበሽታው ምክንያት የተጨመረው ደግሞ 11 ያህል ሆኖ ተገኘ። ከክትባት በኋላ የሚመጣው በብዛት የሚታየው ከሁለተኛው መጠን በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በወጣት ወንዶች ላይ ነው፤ አብዛኛውም ቀላል ነበር። ስለዚህ የወንድ ልጅ እናት መጠየቋ ተገቢ ነው እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2021 ክትባት ሲጀመር የተሰጠው አስትራዜኒካ ስለነበር፣ ያኔ የተከተባችሁ ይህን በእናንተ ላይ አታውሉት።

ጥያቄ፦ በሪያድ በቤት ሠራተኝነት ነው ያለሁት። ኮሮና ከያዘኝ ወር አልፎኛል፤ ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታብኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ከኮሮና በኋላ የልብ ምት መፍጠን ብዙ ጊዜ ብግነት አይደለም፤ ሰውነት ከመተኛት ወደ ሥራ ሲመለስ የሚያሳየው ድካም ሊሆን ይችላል፣ የደም ማነስም እንዲሁ ያደርጋል። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሺ የእጅሽን ምት ለአንድ ደቂቃ ቆጥረሽ በየቀኑ ጻፊው፤ በእረፍት ላይ ሳለሽ ከ100 በላይ እየሆነ ከቀጠለ መመርመር አለብሽ። ራስሽን ከሳትሽ፣ ደረትሽን ከጨመቀሽ ወይም ጋደም ስትዪ ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ፈቃድ አትጠብቂ፤ በሳዑዲ የአምቡላንስ ቁጥር 997 ነው።

ጥያቄ፦ መጾምና መስገድ እችላለሁ?

መልስ፦ መድኃኒትዎን የማያቋርጥና ውኃ እንዳይጠጡ የማያደርግ ጾም ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረው ሊሆን ይችላል። ስግደት ግን፣ በተለይ የስቅለት ዕለቱ፣ ለልብ ከባድ እንቅስቃሴ ነው፤ እረፍት በታዘዘበት ወር ውስጥ አይስገዱ። ለንስሐ አባትዎ ሕመሙን ይንገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለበሽተኛ ሸክም አታበዛም።

ጥያቄ፦ የልብ ሽፋን ውስጥ ውኃ አለ ተብያለሁ። ኮሮና ይዞኝ ስለነበር የእርሱ ነው ብለው ማስታገሻ ሰጡኝ። ሳል አለኝ፣ ሌሊት ያልበኛል፣ ከስቻለሁም።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስላነሡ አመሰግናለሁ። በአገራችን የልብ ሽፋን ውኃ ሲቋጥር ቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው የሳንባ ነቀርሳ ሲሆን፣ የዘረዘሯቸው ሦስት ምልክቶችም ወደዚያው ይጠቁማሉ። የቲቢ መድኃኒት ሳይጀመር ከቀረ ሽፋኑ ጠጥሮ ልብን እንደ ጠበበ ቀበቶ ሊይዘው ይችላል። ነገ ጠዋት ተመልሰው ይሂዱ፤ አክታዎ በጂን ኤክስፐርት እንዲመረመር፣ የደረት ራጅ እንዲነሣ፣ የኤች.አይ.ቪ ምርመራም እንዲደረግ ይጠይቁ፤ ውኃው የሚቀዳ ከሆነ ናሙናው ለቲቢ ምርመራ እንዲላክ ከመቀዳቱ በፊት ያሳስቡ።