ጉድለቱ ቀንሶ ዕዳው ለምን ያድጋል?

ስለ መንግሥት ወጪና ብድር ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ሦስቱን በዚህ እትም መልሰናል።

ጥያቄ፦ የበጀት ጉድለቱ እንደቀነሰ በሪፖርት ይነገራል፤ በዚያው ሪፖርት ዕዳው ጨምሮ ይገኛል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም ማመን ይችላሉ። ጉድለት የአንድ ዓመት ሒሳብ ነው፦ ከገባው በላይ የወጣው። ዕዳ ደግሞ ሲንከባለል የመጣው ጠቅላላ ድምር ነው። ጉድለቱ ከ80 ቢሊዮን ወደ 50 ቢሊዮን ቢወርድም፣ ያ 50 ቢሊዮን በነባሩ ዕዳ ላይ ይደመራል።

ይበልጥ ሊያሳስብዎት የሚገባው ዕዳው ከጉድለቱ በላይ ሲያድግ ነው። ያን ጊዜ መጀመሪያ የምንዛሪ ተመኑን ይመልከቱ። 2 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ፣ ዶላሩ በ50 ሲመነዘር 100 ቢሊዮን ነው፤ ተመኑ 75 ሲገባ 150 ቢሊዮን ይሆናል። አንድም አዲስ ብድር አልተፈረመም። ቀጥሎ ውዝፍ ክፍያዎችን ይጠይቁ። ሥራ ተቋራጩ ሠርቶ አስረክቦ ክፍያው ለሚቀጥለው ዓመት ሲተላለፍ፣ ጥሬ ገንዘብ ስላልወጣ በጉድለቱ ውስጥ አይታይም፤ ዘግይቶ ግን ዕዳ ሆኖ ብቅ ይላል። ሦስተኛው ዋስትና ነው። የመንግሥት ድርጅት ሲበደር መንግሥት ዋስ ከሆነ፣ ድርጅቱ መክፈል ሲያቅተው ሸክሙ በግምጃ ቤቱ ላይ ይወድቃል። ሞዛምቢክ የገጠማት ይህ ነው፦ ፓርላማው ሳያውቅ በመንግሥት ዋስትና የተወሰደ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ብድር በ2016 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን) ሲጋለጥ፣ ለጋሾች ለበጀት የሚሰጡትን ድጋፍ አቋረጡ። የዋስትናዎች ዝርዝር ከበጀቱ ጋር ታትሞ የማይወጣ ከሆነ፣ የዕዳውን ቁጥር ሙሉ አድርጎ መቀበል አይቻልም።

ጥያቄ፦ ዕዳ ከአገር ውስጥ ምርት 60 በመቶ ካለፈ አደጋ ነው ይባላል። ጃፓን ግን ከ200 በመቶ በላይ ተበድራ ቆማለች። ልኩ ስንት ነው?

መልስ፦ 60 የሚለው ቁጥር በ1992 (እንደ አውሮፓውያን) በተፈረመው የማስትሪኽት ስምምነት የአውሮፓ አገሮች የተቀበሉት ነው፤ ከ3 በመቶ የጉድለት ጣሪያ ጋር አብሮ ይሄዳል። ኢኮኖሚው የዋጋ ንረትን ጨምሮ በዓመት 5 በመቶ ካደገና ጉድለቱ 3 በመቶ ከሆነ፣ ዕዳው ውሎ አድሮ 60 አካባቢ ይረጋል። ዕድገቱ ወይም ወለዱ ሲለወጥ ልኩም ይለወጣል።

እንዲህ አስልተው ይዩት። የዘንድሮው ዕዳ ከምርቱ 60 በመቶ፣ አማካይ ወለዱ 8፣ ዕድገቱ 5 በመቶ ይሁን። 60 በ1.08 ተባዝቶ በ1.05 ሲካፈል 61.7 ይመጣል። ስለዚህ ዕዳው ባለበት እንዲቆይ ብቻ፣ መንግሥት ወለዱን ሳይቆጥር የምርቱን 1.7 በመቶ ማትረፍ አለበት። ወለዱ 5፣ ዕድገቱ 8 ቢሆን ኖሮ ግን በዚያው መጠን እየጎደለበትም ዕዳው አይጨምርም ነበር።

ጃፓንን ያቆማት ዕዳዋ በራሷ ገንዘብ በየን መሆኑ፣ አብዛኛው አበዳሪዋም የራሷ ባንኮችና ተቋማት መሆናቸው ነው። ስሪላንካ በሚያዝያ 2022 የውጭ ዕዳ ክፍያ ስታቆም፣ ዕዳዋ ከምርቷ አንጻር ከጃፓን እጅግ ያነሰ ነበር፤ ያጣችው ዶላር ነው። ስለዚህ ከመጠኑ ይልቅ በየትኛው ገንዘብ፣ ለስንት ጊዜ፣ በምን ወለድ የሚለውን ያስቀድሙ። በተለይ በአጭር ጊዜ የግምጃ ቤት ሰነድ (መንግሥት ለጥቂት ወራት በሚበደርበት ወረቀት) የሚኖር መንግሥት ያሳስበናል፤ የ91 ቀን ሰነድ በዓመት አራት ጊዜ ስለሚታደስ፣ ወለድ በጨመረ ቁጥር ጉዳቱ ወዲያው ይደርሳል። በ95 ተሸጦ በ91 ቀን 100 የሚከፈልበት ሰነድ፣ ወለዱ 5 ይመስላል እንጂ በዓመት ሲታሰብ ከ21 በመቶ በላይ ነው።

አነስተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የዓለም ባንክና የአይኤምኤፍ መመዘኛ የዓመቱን የውጭ ዕዳ ክፍያ ከመንግሥት ገቢ ጋር ያነጻጽራል። ጣሪያው እንደ አገሩ ዕዳ የመሸከም አቅም 14፣ 18 ወይም 23 በመቶ ነው። በጀቱ እጅዎ ላይ ካለ ይህን ማካፈል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ጥያቄ፦ ለመንገድ ብድር ከተፈረመ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ሥራው ግን አልተጀመረም። ገንዘቡ ስላልወጣ ጉዳት የለውም ይላሉ።

መልስ፦ አለው። ብዙ ውሎች ላልወጣው ብድርም ክፍያ ይጠይቃሉ። ውሉ 0.5 በመቶ የሚል ከሆነ፣ ያልተነካ 200 ሚሊዮን ዶላር በየዓመቱ 1 ሚሊዮን ያስወጣል። የከፋው የእፎይታ ጊዜው፣ ማለትም ዋናው ብድር የማይመለስበት ጊዜ ነው፤ ብዙ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ከፊርማው እንጂ መንገዱ ከተከፈተበት ቀን አይደለም። እፎይታው አምስት ዓመት ከነበረ ሦስቱ ባክነዋል፤ ዋናውን ብድር መመለስ የሚጀመረው መንገዱ ገና እየተሠራ ሳለ ሊሆን ይችላል።

መዘግየቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የመሬት ካሳ ሳይከፈል፣ ንድፉ ሳያልቅ፣ ከመንግሥት የሚጠበቀው ድርሻም በጀት ሳይያዝለት ፊርማው ስለሚቀድም ነው። ፕሮጀክቱን የሚከታተለውን መሥሪያ ቤት አራት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ውሉ የጸናበት ቀን፣ እስካሁን የወጣው ገንዘብ፣ ላልወጣው የተከፈለው ክፍያ፣ የመጀመሪያው የዋና ብድር ክፍያ የሚውልበት ቀን።