ጠይቁ፣ ልመልስ፦ ላዩ የሚጠቁር፣ ውስጡ የማይበስል ቦንቦሊኖ

ከጥምቀት ወዲህ የሚደርሰኝ ደብዳቤ ሁሉ ስለ ጥብስ ሆኗል። ልጆች ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ሲሸጥ ያዩትን ሁሉ ቤት ካልተሠራልን ይላሉ መሰለኝ። እኔም ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በር ላይ ቦንቦሊኖና ሳምቡሳ ጠብሼ ልጆች ያሳደግኩ ሴት ነኝና የዛሬው ገጽ ለእኔ እንደ ድሮ ሥራዬ ነው።

«እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ባሕር ዳር እያለሁ ቦንቦሊኖዬ ይመሰገን ነበር። ባለቤቴ ተዛውሮ ማርቆስ ከመጣን ወዲህ ግን ላዩ ቶሎ ይጠቁራል፤ ሲገመጥ መሃሉ ሊጥ ነው። ዱቄት ቀየርኩ፣ እርሾ ጨመርኩ፣ ለውጥ የለም። ጎረቤቶቼ ‹አገሩ ደጋ ስለሆነ ነው› ይሉኛል። እውነት ነው?» — ከደብረ ማርቆስ

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ጎረቤቶችሽ ግማሹን ነው የነገሩሽ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ ማርቆስ ከ2,400 ያልፋል። አገሩ ከፍ ባለ ቁጥር ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። እዚያ በ94 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው እዚህ በ92 ይፈላል። ሊጡ ውስጥ ያለው እርጥበትም እንደዚያው ነው፤ ብዙም ሳይግል እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ዘይቱ ግን ደጋ ቆላ አያውቅም። እሳት እስከሰጠሽው ድረስ ይግላል። ስለዚህ ላዩ ይቸኩላል፣ ውስጡ ይዘገያል።

ይሁን እንጂ ሁለት ዲግሪ ብቻዋን ቦንቦሊኖ አታበላሽም። እኔ የምጠረጥረው ብርዱን ነው። ባሕር ዳር ሊጥሽ በአንድ ሰዓት ኩፍ ይል ነበር፤ እዚህ በዚያው ሰዓት ገና አልነቃም። ኩፍ ያላለ ሊጥ ድፍን ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አይገባውም። አንቺ ደግሞ ሲበርድሽ ከሰሉን ታበዢዋለሽ። በይ፣ እርሾውን መልሰሽ ቀንሺ፤ ሲበዛ ሽታው ያስጠላል እንጂ ጊዜን አይተካም።

ለአንድ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት ሁለት የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ግማሽ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ ይበቃል። ውኃውን በአንዴ አትድፊው፤ ዱቄት ሁሉ እኩል አይጠጣም። እንቁላልም ወተትም የለበትም፣ ለጾም ይሆናል። በደንብ አሽተሽ፣ ሸፍነሽ፣ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጪው። ሰዓት አትቁጠሪ። እጥፍ ሲሆን ደርሷል፣ አለቀ።

ከዚያ በጣት ውፍረት ዳምጠሽ በብርጭቆ አፍ ቁረጪና መሃሉን ብሺው። ቀዳዳው ለጌጥ አይደለም። ለመብሰል አስቸጋሪ የሆነውን መሃል ነው አውጥተሽ የጣልሽው። የተቆረጠውንም ደግመሽ ሸፍነሽ ትንሽ አሳርፊው።

አሁን ዘይቱ። ቴርሞሜትር ካለሽ 165 ዲግሪ አካባቢ ያዢው። ከሌለሽ የጥፍር ታህል ሊጥ ጣይበት። ወደ ታች ሰጥማ፣ ትንሽ ቆይታ፣ አረፋ ከቧት ቀስ ብላ ከወጣች ዘይቱ ደርሷል። ከመግባቷ ተንጫጭታ ከቀላች በዝቷልና ድስቱን አውርጂው። እኔ ዓይኔን ሳይሆን ጆሮዬን ነው የማምነው። ቦንቦሊኖ ሲገባ ይጮሃል፣ ውኃው ሲወጣለት ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል። እየጮኸ ከጠቆረ እሳቱ ነው ጥፋተኛው። ደግሞ አሥሩን በአንዴ አትክተቺ፤ ዘይቱ ይቀዘቅዝና የገባው ሁሉ ዘይት ይጠጣል።

«አሜሪካ ያለችው እህቴ ከአንድ የበዓል ሜዳ ቪዲዮ ላከችልኝ። ቀጭን ሊጥ ዘይት ላይ እያዞሩ ያፈሱና የደቀቀ ስኳር ይነሰንሱበታል። ‹ፈነል ኬክ› ይባላል። ልጆቼ ካልሠራሽልን ብለው አስጨነቁኝ። እኛ ቤት ይቻላል?» — ከእንጅባራ

እንዴታ! ይህ ፔንሲልቫኒያ የሰፈሩ ጀርመኖች ያስለመዱት ምግብ ነው፤ ዛሬ የአሜሪካ ባዛር ያለ እሱ አይደምቅም። ሥራው ግን ከቦንቦሊኖ ይቀላል፣ ኩፍ እስኪል መጠበቅ የለም።

ሁለት እንቁላል ምቺ፣ አንድ ብርጭቆ ተኩል ወተት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ጨው ጨምሪ። ሁለት ብርጭቆ ዱቄትና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ነፍተሽ ቀላቅዪበት። እንጅባራ ከፍታው ብዙ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደር አታብዢ፤ ቶሎ ይነፋና ተመልሶ ይሟሽሻል። ሊጡ ከእንጀራ ሊጥ ትንሽ ይወፍር።

ማፍሰሻ አትግዢ። የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን በጋለ ምስማር ብሺ፤ ቀዳዳው እርሳስ የሚያስገባ ይሁን። ሊጡን በጠርሙሱ ሞልተሽ ከድነሽ፣ ከዘይቱ ከፍ አድርገሽ እየጨመቅሽ አፍስሺ። ፕላስቲኩን ወደ ድስቱ እንዳታስጠጊው። እጅሽ የለመደው እንጀራ ነው፤ እሱ ከዳር ወደ መሃል ይዞራል፣ ይህ ግን ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር እየተጠላለፈ ይሄዳል። አንዱ ጎን ወርቅማ ሲሆን ገልብጪው፤ በየጎኑ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ስኳሩን በቡና ሙቀጫ ውቀጪው። ቡና ቡና ሊል ይችላል። እኔ እንዲያውም እንዲያ ስለሚል ነው የምወደው።

«እትዬ፣ እኔና ጓደኞቼ ለሰፈራችን ንግሥ የድንች ችፕስ ጠብሰን በላስቲክ ልንሸጥ አስበናል። ስንሞክረው ግን አንዱ ይጠቁራል፣ ሌላው ይልፈሰፈሳል። ዘይቱንስ ስንት ጊዜ መጠቀም እንችላለን?» — ከዳንግላ

ልጄ፣ አሳባችሁ ደስ ይላል። ድንች አገር ተቀምጣችሁ ችፕስ ከሌላ ቦታ ሲመጣ ማየት ያናድዳል።

የሚጠቁረው ስኳር ስላለው ነው። ድንች ብርድ ቦታ ሲከርም ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ዘይት ሲነካው ያርራል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ የከረመውን ለወጥ ተዉት። ‹በለጠ› የሚባለውን ዘር ካገኛችሁ እሱን ያዙ፤ ውኃው ትንሽ ስለሆነ ጥርት ብሎ ይደርቃል። አረንጓዴ የሆነውን ድንች ግን ለሰው አትሽጡ፤ መርዝነት አለው።

በስሱ ከትፋችሁ፣ ውኃው እስኪጠራ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ ነጩ ስታርች ካልወጣ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁ። እዚህ ላይ አትስነፉ። እርጥብ ድንች ዘይቱን ገንፍሎ ያስፈነጥቃል፣ ሰው ያቃጥላል። ጥቂት በጥቂት ጥበሱ፣ ጫጫታው ሲቆም አውጡ። ጨውና ሚጥሚጣ ትኩሱ ላይ፣ ላስቲክ ግን ፈጽሞ ከበረደ በኋላ። የሚልፈሰፈስባችሁ ትኩሱን ስለምታፍኑት ይመስለኛል።

ዘይቱን በተመለከተ ቁጥር አልሰጥህም። ከጠቆረ፣ ከተዝለገለገ፣ ሳይግል ከጨሰ ወይም አረፋው አልጠፋ ካለ ይደፋ። እስከዚያው በየቀኑ ሲበርድ አጥሉት፤ ፍርፋሪው ነው ቶሎ የሚያበላሸው። የኑግ ዘይት ለወጥ የሚያህለው የለም፤ ለተደጋጋሚ ጥብስ ግን ቶሎ ይበላሻል። የሚረጋው የፓልም ዘይት እሳት ይችላል፤ ቅባቱ ለጤና ስለማይመከር ግን ለዘወትር ቤት ምግብ አልመርጠውም። ዘይቱ እሳት ከያዘ ውኃ እንዳታፈሱ! ክዳን ግጠሙበት፣ እሳቱን አጥፉ፣ ድስቱን አታንሱት።

ሳምቡሳዋ ዘይት ውስጥ እየፈነዳ ላስቸገራት የቡሬ አንባቢ በአጭሩ፦ ምስሩን ውኃው ጠፍቶ እስኪደርቅ አብስዪው፣ ሲበርድ ሙዪው፣ ጠርዙን በዱቄትና በውኃ ለጥፊው። ሽንኩርቱን ጥሬውን ከጨመርሽ ግን ውኃ ያወጣና መፈንዳቱ አይቀርም።