መልስ፦ ስለታደሰው የአያት ሽጉጥ ዋጋ

«የአያቴን የ1934 ሞዴል ቤሬታ እዚሁ አዳማ አስወልውዬ ቀለሙን አሳደስኩት፤ ዋጋው ይጨምራል ወይ?» ላሉት ወንድሜ፣ እንዲያውም ቀንሷል። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለብልጭታው ሳይሆን ፋብሪካው ለቀባው ቀለምና ዕድሜ ላወረዛው ብረት ነው። ከሁሉም በላይ ጽሑፉን ይመልከቱ፤ በዚህ የጣሊያን ሽጉጥ ላይ ከፈረንጆቹ ዓመት ጎን የፋሺስቱ ዘመን (የሙሶሊኒ አገዛዝ ስንተኛ ዓመት እንደሆነ) በሮማውያን ቁጥር ይቀረጽ ነበር፣ ለምሳሌ ከ1936 አጠገብ አሥራ አራት። ሞረዱ ያንን ፍቆት ከሆነ አይመለስም። ካልነካው፣ የላይኛውና የታችኛው አካል መለያ ቁጥርም አንድ ከሆነ፣ ተስፋ አለ። የቀድሞውን እጀታ ሠራተኛው ዘንድ ትተውት ከሆነ ግን ዛሬውኑ ሄደው ያምጡት! ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ፈቃዱን ያጣሩ፤ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ቅርስ ነው ብሎ ያለ ፈቃድ መያዝ አያዋጣም።