የዛገች አሮጌ ሞርሳ፦ ቀለሙንም ግራይንደሩንም ትንሽ ቆይበት

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳየው ከሥራ መልስ አረፍ ብዬ ነበር፣ አጭር መልስ ጽፌ ልተው ብዬ ስጀምር ረዘመ፣ እንግዲህ ቻለው። ያልከው ይሄ ነው፦ ከአያትህ የቀረች ትልቅ ሞርሳ (ብረት በመንጋጋዋ ጨብጣ የምትይዝ የሥራ ጠረጴዛ መሣሪያ) አለች፣ መንጋጋዋ ሁለት ጣት ያህል ተከፍታ እዛው ዝጋ ቀርታለች፣ ከስሟ የሚታየው መጀመሪያው ላይ ያለው "RE" ብቻ ነው፣ አንዱ በእሳት አግላት ይልሃል፣ ሌላው በግራይንደር ገርስሰህ አዲስ ቀለም ቀባት ይልሃል፣ አንተ ደግሞ ላድሳት ወይስ ለቁርጥራጭ ብረት ልስጣት እያልክ ነው።

አትስጣት። ግን እሳቱንም ግራይንደሩንም ለጊዜው አስቀምጣቸው። የመጀመሪያ ሥራህ ዝገት ማስለቀቅ ሳይሆን ስንጥቅ መፈለግ ነው። ስንጥቅ ከሌላት የቀረው ሁሉ የጊዜና የትዕግስት ጉዳይ ነው፣ ካላት ግን ዝገቱን አራግፈህ ቀለም ቀብተህ ከጨረስክ በኋላ ማወቅ በጣም ያናድዳል፣ ከራሴ ነው የምነግርህ።

እኔ እስካሁን አስራ ምናምን ሞርሳ በእጄ አልፏል፣ ሁለቱ ላይ ተሸውጃለሁ። የመጀመሪያዋን ራሴ ነኝ የገደልኳት። እንዳንተዋ የተጣበቀች ነበረች፣ አንድ ሌሊት ናፍጣ አፈሰስኩባትና ጠዋት ላይ ረጅም ቧንቧ እጀታው ላይ ሰክቼ ተንጠለጠልኩባት፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ደስ አለኝ፣ ዝገቱ የለቀቀ መስሎኝ እኮ ነው! ዞር ብዬ ሳይ ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ከአንገቱ ላይ ተከፍሏል። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ አብዛኞቹ የድሮ ሞርሳዎች አካላቸው ካስት አይረን ነው፣ ቀልጦ ሻጋታ ውስጥ የፈሰሰ ብረት፣ ውስጡ ከ2 እስከ 4 በመቶ ካርቦን አለው፣ ያ ካርቦን አብዛኛው እንደ ስስ ቅጠል ሆኖ በብረቱ መሃል ተበትኖ ይቀመጣል፣ እና ብረቱን ስትጫነው ምንም አይለውም ስትስበው ግን እነዛ ቅጠሎች እንደተዘጋጀ ስንጥቅ ነው የሚያገለግሉት። ተራ ብረት መጀመሪያ ጎበጥ ይላል፣ ያስጠነቅቅሃል። ካስት አይረን አያስጠነቅቅም። ስለዚህ እጀታው ላይ ቧንቧ መሰካት የሚባል ነገር ከነጭራሹ እርሳው፣ እጀታዋ በዛ ልክ የተቆረጠችው የክንድህ ጉልበት እንዲበቃት ነው።

ሁለተኛዋ ደግሞ ቆንጆ ነበረች። የሚያብረቀርቅ ቀለም፣ ፊደሎቹ በሌላ ቀለም ተለቅመው፣ ሁሉ ነገር ያለቀላት። ቤት ወስጄ ገና ሶስተኛ ቀኗ ላይ አንድ ብረት ጨብጣ እያለች ቀለሙ አንድ መስመር ላይ ተሰነጠቀ፣ ስፍቀው ከስሩ የመኪና አካል የሚሞላበት ስቱኮ ወጣ፣ ከስቱኮው ስር ደግሞ እስከ ውስጥ የዘለቀ ስንጥቅ። ከዛ ወዲህ አሮጌ ሞርሳ አዲስ ቀለም ለብሳ ካየሁ እጠረጥራለሁ፣ የዛገችዋን ነው የማምናት፣ ቢያንስ የምትደብቀው የላትም።

ስንጥቅ እንዴት ታያለህ? መጀመሪያ ላምባ ወይ ናፍጣ አፍሰህ በሽቦ ብሩሽ እጠባት፣ ቅባቱና ጭቃው ይውጣ። ከዛ ክፍሎቿ ሲለያዩ እያንዳንዱን በገመድ አንጠልጥለህ በትንሽ መዶሻ ነካ አርገው። ጤነኛው እንደ ደወል ይጮሃል፣ የተሰነጠቀው እንደ ሸክላ ድስት ደፍ ይላል። ክፍሎቹ ተገጣጥመው እያለ ግን ይሄ ምርመራ አይሠራም፣ የላላ ነገር ሁሉ ድምፁን ያበላሸዋል። ሁለተኛው ዘዴ እኔ የምወደው ነው፣ የድሮ የባቡር ሰዎችም የሚሠሩበት፦ ቀጭን ዘይት ቀብተህ ትንሽ ትተወዋለህ፣ ከዛ በጨርቅ ጥርግ አርገህ አድርቀህ የኖራ ወይ የጠመኔ ዱቄት ትነሰንስበታለህ፣ ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ዘይት ቀስ ብሎ ተመልሶ ይወጣና ነጩ ዱቄት ላይ ጥቁር መስመር ይስልልሃል። በተለይ የምታየው የተንቀሳቃሹን መንጋጋ አንገት ከኋላ በኩል፣ ተንሸራታቹ ክፍል ወደ አካሉ የሚገባበትን አፍ፣ ከስር ደግሞ ከጠረጴዛ ጋር የሚታሰርባቸውን ጆሮዎች ነው። ጆሮ መሰንጠቅ ብዙ አያስፈራም፣ አንገት መሰንጠቅ ግን ያስፈራል።

ስሟን በተመለከተ፣ በ"RE" የሚጀምሩ ሁለት ዝነኞች አሉ። አንዷ የእንግሊዟ ሪኮርድ ናት፣ የሸፊልድ፣ ሌላዋ የአሜሪካዋ ሪድ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ኤሪ ከተማ በ1896 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ፋብሪካ። ጠመኔውን በጎኑ ይዘህ የጽሑፉ ቦታ ላይ ስታሸው ብቅ ያለው ፊደል ነጭ ሆኖ ይታይሃል፣ ወይም ማታ የስልክህን መብራት ከጎን አብራበት። ሪኮርድ ከሆነች ከስሟ ጋር ቁጥር ታገኛለህ፣ 3 ቁጥሯ ባለ 4 ኢንች መንጋጋ ናት፣ 6 ቁጥሯ ባለ 6 ኢንች። ሁለቱም ብትሆን ዕድለኛ ነህ። አንዳንዱ ሰው ዊልተን የምትባለዋ ካልሆነች ሞርሳ አይላትም፣ ጥሩ ናት አልክድም፣ በ1941 እ.ኤ.አ. ቺካጎ የጀመረች፣ ያቺ ጀርባዋ እንደ ጥይት የሾለችዋ ዋናው ቪቴ (እጀታው ሲዞር መንጋጋውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ባለ ጥርስ ዘንግ) ሙሉ በሙሉ ቱቦ ውስጥ ስለተዘጋ ብናኝ አይነካውም። ቀደም ያሉት ላይ ከተንሸራታቹ ስር ቀን ተመትቶ ታገኛለህ፣ ግን የተሠራችበት ቀን እንዳይመስልህ፣ ብዙውን ጊዜ የ5 ዓመት ዋስትናዋ የሚያልቅበት ነው፣ 5 ትቀንሳለህ። ይሄን የማያውቅ ሻጭም ገዢም ብዙ አይቻለሁ። የሆነ ሆኖ ስም ለሰብሳቢ ነው፣ ለሚሠራባት ሰው አንገቷ ይበልጣል።

አሁን ወደ ማስለቀቁ። ግማሽ አሴቶን ግማሽ የካምቢዮ ዘይት (የአውቶማቲኩን) አንድ ጠርሙስ ውስጥ ቀላቅል፣ ሁለቱ ስለሚለያዩ በተጠቀምክ ቁጥር በደንብ በጥብጠው፣ እሳትና ሲጋራ ደግሞ አጠገቡ አይድረስ። በቪቴው በኩልም በተንሸራታቹ ዙሪያም ጠብ ጠብ አርግ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለሳምንት። አዎ ለሳምንት። በየመሃሉ እንጨት አስደግፈህ በመዶሻ ቀስ ቀስ እያልክ ምታው፣ ድብደባ ሳይሆን ንዝረት ነው የምትፈልገው፣ ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚስበው እሱ ነው። ከዛ እጀታውን ስትሞክር ሁሌ ለመክፈት ብቻ አትታገል፣ መጀመሪያ ትንሽ ወደ መዝጋት፣ ከዛ ወደ መክፈት፣ ወዲህ ወዲያ። የፀጉር ያህል ከነቃነቀች አለቀ፣ ትመጣለች። ሙቀት ካስፈለገ ዳዶው (ቪቴው የሚዞርበት ባለ ጥርስ ቀዳዳ) ያለበትን አካባቢ ብቻ በሞቀ አየር ማሞቂያ በዝግታ አሙቅ፣ እጅ እስኪያቃጥል ይበቃል። ያቺን "በእሳት አግላት" የሚለውን ምክር ግን ተወው፣ ካስት አይረን አንድ ቦታ ብቻ ቀልቶ ሌላው ቀዝቃዛ ሲሆን ራሱን ይሰነጥቃል፣ መንጋጋው ላይ ያለው ጠንካራ ብረትም ጥንካሬውን ያጣል፣ እንዲህ አግሎ ውሃ የደፋባትማ እሱ ከሞርሳ ጋር ፀብ ነበረው ማለት ነው።

ስትከፍታት እግርህን ጠብቅ። ብዙዎቹ የድሮዎቹ መጨረሻ ላይ የሚያቆማቸው ነገር የለም፣ ቪቴው ዳዶውን ሲለቅ ተንቀሳቃሹ ክፍል እንዳለ ተንሸራቶ ይወርዳል። አንዷ ከጫማዬ ጫፍ አንድ ጣት ርቃ ሲሚንቶ ሰብራለች። ስሩ ሳጥን ወይ ጎማ አስቀምጥ።

መንጋጋው ላይ የታሰሩት ጠፍጣፋ ብረቶች ደግሞ ጥሩ ከሆኑ አትፍታቸው። በቃ አትፍታቸው። ቪቴዎቻቸው ለስንት ዓመት ዝገው የቆዩ ናቸው፣ አንዱ ጭንቅላቱ ከተቆረጠ በድሪል ማውጣት፣ ከዛ አዲስ ጥርስ ማውጣት፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ የሶስት ቀን ይሆናል። እንዲያውም አንዳንዶቹ ቪቴ ሳይሆን ፒን ነው ያላቸው፣ ቪቴ ፍለጋ ትጨነቃለህ። የግድ ከሆነ በመዶሻ እየተመታ የሚዞር ካቻቢቴ ተጠቀም፣ ተራው ካቻቢቴ ጭንቅላቱን ይልጠዋል።

ለዝገቱ እኔ ኤሌክትሪኩን ነው የምመርጠው። ፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ውሃ፣ በአንድ ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ዋሺንግ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት)፣ ባለ 12 ቮልት የባትሪ ቻርጀር፣ ነጌቲቩ ሞርሳዋ ላይ፣ ፖዘቲቩ የማትፈልገው ተራ ብረት ላይ። ካለዋወጥካቸው ዝገቱን ሳይሆን ሞርሳዋን ነው የምትበላት፣ ሁለቴ እይ። ሁለቱ ብረቶች ውሃው ውስጥ አይነካኩ። ፖዘቲቩ ላይ ስቴንለስ ስቲል አታርግ፣ ክሮሙ መርዝ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይገባል። የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጅን ነው፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ ሳይሆን ደጅ፣ ሽቦ ከመንካትህ በፊትም ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀል። አንድ ቀን ባንዱ ጎን፣ አንድ ቀን በሌላው፣ ምክንያቱም ፊት ለፊት ያለውን ጎን ነው ይበልጥ የሚሠራው። ጥሩነቱ ዝገቱን እንጂ ጤነኛውን ብረት አለመንካቱ ነው። አቼቶም ይሠራል ግን አሲድ ነው፣ ከአንድ ሌሊት በላይ ካስቀመጥከው ብረቱን ራሱን መብላት ይጀምራል፣ ስታወጣት ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጥክበት ውሃ አጥበህ ወዲያው አድርቀህ ዘይት ካልቀባሃት ዓይንህ እያየ ቡናማ ትሆናለች። ሞላ ካላት ሞላዋን የትኛውም ውስጥ አትጨምር፣ በእጅ ብሩሽ ጥረገው፣ ጠንካራ ብረት እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ሲቆይ ተሰባሪ ይሆናል።

የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍገው፣ በግራይንደርም አታብንነው፣ በተለይ ልጆች ባሉበት። በቀለም ማስለቀቂያ አርሰህ ፋቀው።

ስንጥቅ ከተገኘስ? አንገት ላይ ከሆነ በተራ ኤሌክትሮድ የሚበይድልህ ሰው ጋ አትውሰዳት፣ ብየዳው ይይዛል፣ አጠገቡ ያለው ይሰነጠቃል። በኦክስጅን አሙቆ በነሐስ የሚበይድ፣ ወይ ደግሞ የኒኬል ኤሌክትሮድ ያለው፣ ቀድሞ ጠቅላላውን እኩል የሚያሞቅና ሲጨርስ አመድ ወይ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብላ እንድትበርድ የሚተው ሰው ፈልግ። ቅባቱን ለማስለቀቅ ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ የተጠቀመ ሰው ግን ጨርሶ አይበይዳት፣ ከሙቀት ጋር ገዳይ ጋዝ ነው የሚሆነው።

የመዶሻ ጠባሳዎቹን፣ የሴጌቶ ጭረቶቹን፣ አንዱ ሳያስብ በድሪል የበሳትን ቦታ ሁሉ እየሞላህ አስተካክል የሚሉህን አትስማ። እጅ የሚቆርጠውን ጠርዝ ብቻ በሞረድ ነካ አርገህ እለፈው። ያ ጠባሳ የአያትህ ነው፣ ደግሞም ከሥራ አያግዳትም። እንደ መስታወት የተወለወሉ ሞርሳዎች ፎቶ ላይ ያምራሉ፣ እኔ ግን ሳያቸው ብረት ልመታባቸው እፈራለሁ፣ የምፈራት ሞርሳ ምን ታረግልኛለች። ቀለም ካማረህ ቀባት፣ ግን ተንሸራታቹ፣ የቪቴው ጥርስና የመንጋጋው ፊት ላይ ጠብታ እንዳይነካ።

ስትገጥማት ቪቴው ላይ ግሪስ፣ ተንሸራታቹ ላይ ግን ቀጭን ዘይት ብቻ። ተንሸራታቹ ላይ ግሪስ ካረግክ የብረት ብናኙን ሁሉ ሰብስቦ እንደ ሞረድ ይበላታል። እጀታው ወዲያ ወዲህ ትንሽ በባዶ መዞሩ አያስደንግጥህ፣ የድሮ ናት። የቪቴው ጥርስ እንደ ቢላዋ ሾሎ ከሆነ ግን ዳዶውም አልቋል ማለት ነው፣ ጥሩ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ያለው ሰው በነሐስ ይሠራልሃል። መንጋጋዎቹን በወረቀት ቁራጭ ፈትናቸው፣ በግራም በቀኝም እኩል ከያዙ ጥሩ፣ ከላይ ትንሽ ቀድመው መያዛቸው ችግር የለውም።

ጠረጴዛው ላይ ስታስራት የማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ከጠረጴዛው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ይበል፣ ረጅም ብረት ቀጥ አርገህ ወደታች መያዝ እንድትችል፣ ብዙ ሰው እዚች ጋ ነው የሚሳሳተው። ከላይ የመንጋጋዋ ጫፍ ቆመህ ክንድህን ስታጥፍ ከክርንህ እኩል ይሁን። የእንጨት ቪቴ ሳይሆን እስከ ስር የሚያልፍ ቡሎን ከሰፊ ሮንዴላ ጋር፣ የሚቻል ከሆነም የጠረጴዛው እግር ያለበት ጥግ ላይ። ስትመታ ደግሞ ወደ ማይንቀሳቀሰው መንጋጋ እንጂ ወደ ጎን አትምታ።

አሁን ለጊዜው ከዚህ ሁሉ ውስጥ የዘይትና የጠመኔውን ብቻ ሥራ። የአንገቱን ከኋላ፣ የተንሸራታቹን አፍና የስሯን፣ ሶስት ፎቶ ጥሩ ብርሃን ላይ አንሳና እዚሁ ለጥፈው፣ ጥቁር መስመር ካለ አብረን እናየዋለን። እስከዛ ያን ቧንቧ ሰፈር ውስጥ ላለ ለማንም አታውሰው 😀