ለሮክ ባንድ የትኛው ቤዝ ጊታር ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ባንድ አለን። የምንጫወተው የሰው ዘፈን ነው፤ ኩዊን፣ ሌድ ዘፕሊን፣ ጋንስ ኤንድ ሮዝስ፣ ሬጅ አጌንስት ዘ ማሺን። በኔ ልመና ሁለት የጃኖ ባንድ ዘፈኖችም ገብተዋል። እስካሁን ሪትም ጊታር ነበርኩ። ቤዚስታችን ሌላ ከተማ ስለገባ ቦታው ለኔ ተሰጠ። ያለኝ 400 ዶላር ነው፤ አምፕ የልምምድ ቦታችን አለ። ድራመራችን «ባለ አምስት ክር ግዛ» ይለኛል። አንድ ሻጭ ደግሞ ባትሪ ያለው አክቲቭ ይሻልሃል አለኝ። እጄ ትንሽ ነው፣ ጣቶቼም አጫጭር ናቸው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ወደ ቤዝ መጣህ። ባለ አራት ክር፣ ባትሪ የማይፈልግ፣ ፕሬሲዥን በሚባለው የፌንደር ቤዝ ላይ ያለውን ዓይነት ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) የያዘ ያገለገለ ቤዝ ግዛ። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ።

ሱቅ ውስጥ ብቻህን የምትሰማው ድምፅ ባንድ ውስጥ ከምትሰማው ጋር አይገናኝም። ሱቅ ውስጥ ከታች የሚያጉረመርም፣ ከላይ ጥርት ብሎ የሚጮህ ቤዝ ልብ ይማርካል። ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው ኢፌክት) የተለቀቀባቸው ሁለት ጊታሮችና ድራም ሲገቡ ግን የት እንደገባ አይታወቅም። ታችኛውን ኪክ ድራሙ፣ በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ ይይዘዋል። ላይኛውን ጊታሮቹና ሲምባሎቹ ይሻሙበታል። ለቤዝ የሚተርፈው መሀሉ ነው። ፕሬሲዥን ደግሞ ጉልበቱ እዚያው መሀል ላይ ነው። ብቻውን ሲሰማ ትንሽ ደረቅ ይመስላል፤ ባንዱ ሲነሳ ግን እያንዳንዱ ኖታ ይሰማል። እኔ በሠርግም በሆቴልም መድረክ ስጫወት በዚህ ድምፅ ተከፍቼ አላውቅም። የአምፑንም መሀል፣ ሚድ የሚለውን ማዞሪያ፣ አትቀንሰው። ቤት ውስጥ ሲቀነስ ደስ የሚል ድምፅ ይሰጣል፤ ከድራም ጋር ግን ያስውጥሃል።

ሊዮ ፌንደር ፕሬሲዥንን ካሊፎርኒያ ውስጥ ያወጣው በ1951 ነው። ለሁለት የተከፈለው ፒክአፕ በ1957 መጣ። ከዚያ ወዲህ መሠረታዊ አሠራሩ ብዙም አልተነካም። የኩዊኑ ጆን ዲከን በአብዛኛው የተጫወተው በዚሁ ነው። የአይረን ሜይደኑ ስቲቭ ሃሪስም እንዲሁ።

አሁን ወደ እጅህ እንምጣ። ጃዝ ቤዝ የሚባለው፣ በ1960 የወጣው፣ የአንገቱ ስፋት ከክር መወጠሪያው ራስ አጠገብ 38 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የፕሬሲዥን አንገት ብዙ ጊዜ ከዚያ ሰፋ ይላል። ለአጭር ጣት ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። የሌድ ዘፕሊኑ ጆን ፖል ጆንስ ለዓመታት የያዘው ጃዝ ቤዝ ነበር፤ ስለዚህ ከዘፈኖቻችሁም አይርቅም። ለአንተ ግን ሁለቱንም የያዘውን እመርጥልሃለሁ። ፒጄ ይሉታል፤ የፕሬሲዥንም የጃዝም ፒክአፕ አለው። የጋንስ ኤንድ ሮዝሱ ደፍ ማኬጋን የሚታወቀው በዚህ ዓይነት ቤዝ ነው። የፌንደር ርካሹ ስም የሆነው ስኳየርም፣ ያማሃም በአንተ አቅም ይህን ይሠራሉ። አንገቱን በእጅህ ሳትይዝ ግን ገንዘብ እንዳትከፍል። የክሩ ርዝመት በመደበኛው 34 ኢንች ነው። ባለ 30 ኢንች አጭር ቤዝም አለ። መጀመሪያ ግን አውራ ጣትህን ከአንገቱ ጀርባ መሀል ላይ አድርገህ ሞክር። አንገቱን በመዳፍ ጨብጦ የሚጫወት ሰው እጁ ትልቅም ቢሆን አይደርስለትም።

ባለ አምስት ክሩን ተወው። አምስተኛው ክር ቢ የሚባለው ዝቅተኛ ኖታ ነው፤ ወደ 31 ኸርዝ ይወርዳል። ያን በደንብ የሚያወጣ አምፕ ከባድም ውድም ነው። ዘፈኖቻችሁም አይጠይቁትም። ሬጅ አጌንስት ዘ ማሺን ብዙ ጊዜ ወፍራሙን ኢ ክር ወደ ዲ ኖታ ያወርዱ ነበር። ጋንስ ኤንድ ሮዝስ ሁሉንም ክር በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገው ይቃኛሉ። ሁለቱም በአራት ክር ይሆናል። የክሩን ውፍረት ከ45 እስከ 105 (በሺኛ ኢንች) ያለውን ግዛ፤ ዝቅ ሲል አይልፈሰፈስም።

አክቲቭ መጥፎ ነገር አይደለም። ነገር ግን በአብዛኛው ገመዱ ተሰክቶ ከቆየ የ9 ቮልት ባትሪው ያልቃል። መድረክ ላይ ሲያልቅ ደግሞ ድምፁ ይንሻፈፋል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ለጀማሪ ይህ ጭንቀት ለምን?

ያገለገለ ስታይ ከአንገቱ ጫፍ ሆነህ በአንድ ዓይንህ ወደ ታች ተመልከት። በትንሹ ወደ ፊት ማጎንበሱ ጤነኛ ነው፤ ከተጣመመ ግን ተወው። እያንዳንዱን ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ያለውን የብረት መስመር) በየክሩ ተጫወትና የሚንጣጣ ካለ ስማ። ማዞሪያዎቹን ስታዞር የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካለ ዋጋ ለመቀነስ ጥሩ ምክንያት ነው፤ ማስጠገኑ ቀላል ነው። አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ቆይ። የኔው 4 ኪሎ ያህል ነው፣ ከዚያ ሲበልጥ ረጅም ልምምድ ላይ ትከሻ ይበላል። ሰፊ ማንገቻ ግዛለት።

የጃኖን ነገር ስታነሳ ደስ አለኝ። የ2012ቱን አልበማቸውን ያዘጋጀው ቢል ላስዌል ራሱ ቤዚስት ነው። እነዚያን ዘፈኖች ስትለማመድ ቤዙን ብቻ ለይተህ አድምጥ።

ከ400ው ዶላር 250 ያህሉን ለቤዙ መድብ። ከቀረው ላይ ለባለሙያ ከፍለህ የክሩን ከፍታና ቅኝቱን አስተካክል፤ ያን ጊዜ አዲስ ክርም ይግባበት። በደንብ የተስተካከለ ርካሽ ቤዝ ካልተስተካከለ ውድ ቤዝ ይበልጣል። የተረፈው ለጠንካራ ገመድ ይሁን። የቤዙን ድምፅ በጊታር አምፕ ግን ጮክ አድርገህ እንዳትለቀው፤ ስፒከሩን ይጎዳል። ልምምድ ቦታ ያለው አምፕ የቤዝ መሆኑንና ከ100 ዋት አለማነሱን ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ።